ጣት ሁሉ ወደ ባጀሩ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በእንግሊዝ የከብት ነቀርሳን (ቲቢን) ለመግታት፣ በሽታውን ወደ ከብት ያስተላልፋል የሚባለውን ባጀር፣ ያንን ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የዱር አውሬ፣ መግደል ይሻላል ወይስ መከተብ በሚለው ክርክር ላይ ትንሽ ልበል። የምኖረው በ2013 እ.ኤ.አ. ግድያው ከተጀመረባቸው አውራጃዎች በአንዱ፣ በግሎስተርሻየር ነው። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ከ200,000 በላይ ባጀሮች ተገድለዋል።

የገበሬው ብሶት ይገባኛል። የእንስሳት ሐኪሙ የላሞቹን አንገት እየዳሰሰ እብጠት ሲፈልግ፣ ጎረቤቴ አጥር ተደግፎ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ አይቻለሁ። የነቀርሳ መመርመሪያው መርፌ የተወጋበት ቦታ ክፉኛ ያበጠባት ላም መጨረሻዋ መታረድ ነው፤ እርጉዝም ብትሆን።

ግን ከ1998 ጀምሮ በተደረገው ትልቅ ሙከራ ወደ 11,000 ባጀሮች ተገድለው ምን ታየ? በሽታው ግድያው በተካሄደበት ቦታ ሲቀንስ፣ ከዳር ባሉት እርሻዎች ጨመረ። የተረፉት ባጀሮች ቀያቸው ሲታወክ ወዲያ ወዲህ ይላሉና።

ክትባቱም ተአምር አይደለም። የታመመውን አያድንም፤ እያንዳንዱን አውሬ በኦቾሎኒ አባብሎ የሽቦ ወጥመድ ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ቢሆንም የባጀሮቹን መንጋ አይበትንም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ2018 ለመንግሥት የቀረበው ግምገማ ባጀሩ ድርሻ እንዳለው ሳይክድ፣ በሽታው ይበልጥ የሚዛመተው ከከብት ወደ ከብት መሆኑን ተናግሯል። ስለ ከብት ግዢና ስለ ምርመራው ድክመት ግን ማንም አይጮህም። አዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላም እርባታዎችም ነቀርሳው አለ፤ ይህ ባጀር ግን እዚያ የለም።

አንባቢያችሁ፣ ከግሎስተርሻየር