የድሬዳዋን የባቡር ወርክሾፕ ሽማግሌ ባለሙያዎቹ ሳያልፉ ክፈቱት

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አስከፋኝ። ስለ ድሬ መነሳት ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ከከተማው ዳር ስላለው ነገር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቀጠናው፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ፣ ሁሉም ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ነው። መሃሉ ላይ፣ እዚሁ ከዚራ ሰፈር፣ የድሮው ምድር ባቡር ግቢ ከነጣቢያው፣ ከነወርክሾፑ፣ ከነመጋዘኑ ቁጭ ብሏል፤ ስለሱ የሚናገር ግን የለም።

እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነው የሠራው። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር መድረስ ነበር የታሰበው፣ ተራራው ግን አስቸገረና መስመሩ ቆላውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም ተነታረኩበት፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በቆመባቸው ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ስለነበረች የአገሪቱ ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚህ ነበር። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሁሉም በዚያ ሰበብ ነው የመጣው። ከዚያ በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ፋብሪካው ተተከለ፣ ጨርቃ ጨርቁም መጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ለምን ድሬ? ባቡሩ ስላለ ነዋ።

ባቡሩ ሲደክም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐዲዱ አረጀ፣ መኪና ጭነቱን ወሰደበት፣ መለዋወጫ ጠፋ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም እንደታሰበው አላለቀም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ቆመ። የቆመው ባቡር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ ባቡር ሲመጣ ሻይ፣ ወተት፣ ሎሚ ይዘው የሚወጡ እናቶች ነበሩ፤ ባቡር ላይ ነግደው ልጅ ያስተማሩ የድሬ ሴቶች ነበሩ፤ ጡረታው አነስተኛ ቢሆንም ደሞዝ በወር በወር የሚገባባቸው ብዙ ቤቶች ነበሩ። ጨርቃ ጨርቁም ያ ሁሉ ሠራተኛ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣበት ዘመን አለፈ። ከዚያ በኋላ ከተማዋን ይዟት የቆየው ንግድ፣ በተለይ የጫት ንግድ ነው፤ በዚህ ብቻ ደግሞ ወጣት ሙያ አይማርም።

አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ተደስተናል። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ የድሮው አንድ ሜትር ሲሆን ይሄኛው 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ተኩል ነው። ለአገር የሚያስፈልግ ሥራ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ከተማውን አይነካውም። የድሮው ጣቢያ በር ከፍተህ ስትወጣ ከዚራ ነህ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነህ፣ ከፊራ ገበያ በባጃጅ ቅርብ ነው። ተሳፋሪው ሲወርድ ከተማው ውስጥ ይወርድ ነበር። አሁን ግን ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ ባቡሩ ለከተማው ነጋዴ መጣም ሄደም ያው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ያ ወርክሾፕ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው የቆሻሻ ብረት ክምር አይደለም። ውስጡ ቶርኖ አለ፣ ፕሬስ አለ፣ የባቡር የብረት ጎማ የሚስተካከልባቸው ትልልቅ ማሽኖች አሉ። ሠራተኞቹ ከፈረንሳይ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቁም ነበር፤ ብዙውን ነገር እዚያው ይሠሩታል፣ ይጠርባሉ፣ ይበይዳሉ። አንድ ልጅ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ረዳት ሆኖ ይገባና ከዓመታት በኋላ ሙሉ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ ማሽን ሲበላሽ ዶላር ተፈልጎ፣ ዕቃ ታዞ፣ ባለሙያ ከውጭ ተጠርቶ ነው የሚጠገነው። ይህንን ሥራ በከፊል እንኳ እዚህ መሥራት የሚችል ግቢ አለን እኮ፣ የተዘጋው ደግሞ መሃል ከተማ ላይ ነው።

እኔ የምለው ግቢውን የሙያ ማሠልጠኛና የጥገና ቦታ አድርጉት ነው። ከፊሉ ሙዚየም ይሁን፣ ሎኮሞቲቮቹ ታጥበው ይቀመጡ፣ እሱ ቀላሉ ሥራ ነው። ዋናው ግን ማሽኖቹ መልሰው እንዲዞሩ ነው። ጡረታ የወጡት ባለሙያዎች አሁንም በሕይወት አሉ፣ ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ፣ የአንድን ሎኮሞቲቭ ድምፅ ሰምተው ምን እንደጎደለው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ግን ብዙዎቹ በዕድሜ ገፍተዋል። በየዓመቱ እየቀበርናቸው ነው። የከተማው ቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች እዚያ ገብተው ከእነሱ ጋር ሁለት ዓመት ቢሠሩ ሙያው ይተላለፋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ገንዘቡ ቢገኝም የሚያስተምር ሰው አይገኝም።

ይሄ የቅዠት ሐሳብ ነው የሚል ካለ ኤርትራን ይመልከት። ከምጽዋ አስመራ የነበረው የጣሊያን ባቡር በጦርነቱ ወድሞ፣ ሐዲዱ ለምሽግ ተነቅሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ ሥራውን የጀመሩት ጡረታ ከወጡ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ጋር ነው። ሰባና ሰማንያ የሞላቸው አባቶች ተጠርተው መጡ፣ የድሮዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጠገኑ፣ ባቡሩም ተራራውን ወጥቶ አስመራ ደረሰ። እንደ ድሮው ብዙ ጭነት የሚያመላልስ መስመር አልሆነም፣ ልክ ነው። ሙያው ግን በሰው እጅ እንዳለ አሳይቷል።

ስለ ቱሪስትም ትንሽ ልበል። የሐረርን ግንብ፣ ጁገልን ሊያይ የሚመጣ ሰው በአውሮፕላን ድሬ ይወርድና በቀጥታ መኪና ይዞ ሐረር ይወጣል። ድሬ ላይ ሌሊት የሚያድርበት ምክንያት የለውም። ፖርኬፒክ ዋሻ አጠገባችን ነው፣ ለጋ ኦዳ ላይ የድንጋይ ላይ ሥዕሎች አሉ፣ ወርክሾፑ በራሱ ግማሽ ቀን የሚያስቆይ ነው። ሐዲዱ ተመርምሮ ደህና ከሆነ ደግሞ አመሻሹ ላይ፣ ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ አንድ ትንሽ ባቡር እስከ ሽንሌ ቢሄድና ቢመለስ ምን ይከብዳል? የድሬ ልጅ ራሱ ትኬት ቆርጦ ይሳፈራል፣ አቦ!

ሁለት ፍራቻ አለኝ። አንደኛው መሬቱ ነው። ከዚራ መሃል ላይ እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ ብዙ ሰው ዓይኑን ይጥልበታል። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፤ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ነው ብዙው ሰው የተናገረው። እዚህ ቀድመን እንናገር። ሁለተኛው ደግሞ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከተማ እናድሳለን ተብሎ ወንዙ ደርቋል በሚል ዳርቻው ላይ ቤትና ሱቅ የሚደረደር ከሆነ ያንን ሌሊት የረሳን ነን ማለት ነው። አሸዋው ላይ መኪና ማቆም ይቻላል፣ ኳስ መጫወት ይቻላል፣ ቤት መሥራት ግን አይቻልም።

ባለቤትነቱ የተወሳሰበ መሆኑን አውቃለሁ። የድሮው ምድር ባቡር የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ነበር፣ ንብረቱን ማን ያዛል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካችኋል። እኔም ጠይቄ ተልኬ አውቃለሁ። ግን ይሄ እኮ በሁለት መንግሥታት መካከል የሚፈታ የወረቀት ጉዳይ ነው፣ ከተማ አስተዳደሩ ከያዘው ደግሞ ይፈታል። ድሬ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት፣ በሩን ማንኳኳት የሚያቅታት አይመስለኝም።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይሄን ነው። ጋዜጠኛ ላኩና ግቢውን ይመልከት። ለከተማ አስተዳደሩም፣ ለምድር ባቡሩም ሦስት ጥያቄ አቅርቡልኝ፦ ግቢው አሁን በማን እጅ ነው፣ ለቦታው የወጣ ፕላን አለ ወይ፣ ካለስ ወርክሾፑ በፕላኑ ውስጥ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል? መልሱን ከነስማቸው አትሙት። ከባለሙያዎቹ ጋር ማውራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከዚራ መጥታችሁ ጠይቁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን አይሆንም፣ እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከድሬዳዋ