ከጅማ ለእኅቴ፣ ስለ ወንድምሽ ጉዳይ

ጅማ፣ ኅዳር

የኔ እኅት፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በጣም ተጠፋፋን። በስልክ "አለሽ ወይ?" ተባብሎ መዝጋት አንጀቴን አላርስ ስላለኝ ተቀምጬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

በአባታችሁ ቤት የተነሳ ከወንድምሽ ጋር መኳረፋችሁን ሰማሁ። ጠበቃ ይዘሻል፣ እንቅልፍም አጥተሻል አሉኝ። "ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ይፍረድበት" እንዳልሽም ነገሩኝ። ያስጨነቀችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። በእርግጥ ሰጥተሽው ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ባላብሰለሰልሽው ነበር።

ማዘንሽን አልነቅፍም። ዳዊት እንኳ "ጠላትስ ቢሰድበኝ፥ በታገሥሁ ነበር" ብሎ ጮኋል። የጎዳው አብሮት ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረ ወዳጁ ነበር። "አማኝ እንዲህ አይከፋውም" የሚልሽ ካለ አትስሚው። የልብሽን ለአምላክሽ ንገሪው፣ አልቅሺም።

እኛም ቤት ነገር ነበር፣ አልነገርኩሽም እንጂ። እናታችን ካረፈች በኋላ ታላቅ ወንድሜ የቡናውን መሬት ብቻውን ያዘ። ጀንፈሉንም፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሳያማክረን ሸጠው። ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ክሰሺው" ይላል፣ ግማሹ "ታላቅሽ ነው፣ ዝም በይ" ይላል። እኔ የያዝኩት ማቴዎስ 18ን ነው። "ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው" ይላል። ሌላ ሰው ይዞ መሄድ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። እኛ ግን የምናደርገው ግልባጩን ነው። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ከዚያ ዘመድ፣ ባለጉዳዩ መጨረሻ ላይ።

አጋሮ ድረስ ወንድሜ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ማልዶ ነው፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማል። ሰላም አልኩትና በወዲያኛው በኩል ቆሜ አብሬው መልቀም ጀመርኩ። ሁለታችንም ዓይናችን ቡናው ላይ ስለነበር ነው መሰለኝ መነጋገሩ የቀለለን። አንዲት የጠቆረች ፍሬ በጣቶቹ እያሸ፣ የእናታችንን የሕክምና ዕዳ ብቻውን ሲከፍል እንደኖረ ነገረኝ። ጀንፈሉም የተሸጠው ለዚያ ኖሯል። ለማናችንም ትንፍሽ አላለም። ሳያማክረን መሸጡ ግን ልክ እንዳልሆነ በፊቱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

ለክፍፍሉ ጎረቤታችን ሐጂ ሸመገሉን። እዚህ አገር ለዕርቅ ሲሆን ሃይማኖት ማን ይጠይቃል? እኔም "እሱ አስቀድሞ ይምረጥ" አልኩ። መንገድ ዳር ያለውን ወሰደ። "ሞኝ ነሽ" ያለኝ ብዙ ነው።

እኔ ግን አብራምን እያሰብኩ ነበር። ዘፍጥረት 13ን እስቲ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የእሱና የሎጥ እረኞች ተጣሉ። አብራም አጎት ነው፣ የመምረጥ መብቱ የእሱ ነው። ግን "አንተ ግራውን ብትወስድ እኔ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ" አለው። ሎጥ ውኃ የሞላበትን የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ። ሰው ይህን ሲያነብ የአብራምን ደግነት ያደንቃል። እኔ ግን ከደግነቱ ይልቅ እምነቱ ይታየኛል። እግዚአብሔር "ለዘርህ ይህችን ምድር እሰጣለሁ" ብሎ አስቀድሞ ቃል ገብቶለታል። የእሱ የሆነውን ሎጥ ቀድሞ በመምረጡ እንደማይወስድበት ስላወቀ እጁን ዘረጋ። ደግሞ በምዕራፍ 14 ሎጥ ሲማረክ "የራሱ ጉዳይ" አላለም። 318 ሰዎች አስከትሎ ሄዶ አስመለሰው። መሬት ተካፍለው ተለያዩ እንጂ ዝምድናው አልቀረም።

ቤቱን ልቀቂለት ማለቴ ግን አይደለም። ያንቺ ድርሻ ያንቺ ነው። ጳውሎስ ራሱ ግፍ ሲበዛበት "ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ" ብሏል። ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው የሚልሽን አልቀበለውም። ወንድምሽ የሚማታ ወይም የሚያስፈራራ ሰው ቢሆን ኖሮ ብቻሽን ሂጂ አልልሽም ነበር። እሱ ግን ኩርፊያ እንጂ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፣ አብረን አድገን አውቀዋለሁ። ክሱ ሳይገባ አንድ ቀን ያለ ጠበቃ፣ ያለ እኅቶችሽ አግኚው። በስልክ አይሁን። ስትገቢም ስለ ቤቱ አትጀምሪ፣ በአባታችሁ የመጨረሻ ወራት እሱ ምን እንዳሳለፈ ጠይቂው። የሚመልስልሽን ግን እስኪጨርስ ስሚው።

እኛ ቤት አሁንም ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። የወንድሜ ሚስት እስካሁን በደንብ አታናግረኝም። በዓል ሲሆን እኔው እሄዳለሁ፣ ቡና ታፈላልኛለች፣ ብዙም አናወራም። እየጸለይኩበት ነው፣ አንቺም አስቢን።

የቡናው ሥራ ጋብ ሲል፣ ለገና አካባቢ አዲስ አበባ እመጣለሁ። እስከዚያ መሄዱ ከከበደሽ እሱ በር ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔ ግን አልገባም። ቀኑን ቁረጪና ጻፊልኝ፣ የአውቶቡስ ትኬቴን በዚያው ልክ እቆርጣለሁ።

የምትወድሽ እኅትሽ