ጉዳዩ፦ ደንበኞቼ በለመዱት መንገድ መክፈል ስላለመቻላቸው የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። በድረ ገጼ የሚመጣውን ክፍያ የምቀበለው በእናንተ በኩል ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ኢሜይል ልኬ ነበር። ለሦስቱም "ጥያቄዎ ደርሶናል" ከሚል በቀር ምንም አልተመለሰልኝም። ስለዚህ አሁን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው።

ውል ስንፈራረም ወኪላችሁ ሱቄ ድረስ መጥቶ ነበር። ከደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ ውጭ አገር እንደሚኖሩ ነገርኩት። ስቶክሆልም፣ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ናይሮቢ፣ ዋሽንግተን። "አያስቡ፣ ሁሉም ባለበት አገር በለመደው መንገድ ይከፍልዎታል" አለኝ። ይህን አምኜ ነው ከአገር ውስጡ ከፍ ባለ ኮሚሽን የተስማማሁት።

ዛሬ ውጭ ያለች ደንበኛዬ መክፈያው ላይ ስትደርስ የምታገኘው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። የካርድ ቁጥር አስገቢ ይላታል። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ። ሌላ ምርጫ የለም።

ለአሜሪካዎቹ ይህ ይበቃል። እዚያ በካርድ መግዛት የተለመደ ነው። ስዊድን ግን ሰው የለመደው ስዊሽ የሚባለውን የስልክ መክፈያ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ቁጥር ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ይሄዳል። ከፋዩ ስልኩ ላይ በባንክ አይዲ፣ ማለትም ባንኮች በሚሰጡት የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ፣ ያጸድቃል፣ አለቀ። ኔዘርላንድስ ደግሞ ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ አይዲል የሚባል የኢንተርኔት መክፈያ አለ። ገዢው ባንኩን ይመርጣል፣ ወደ ራሱ ባንክ ይገባል፣ እዚያው ይከፍላል። ብዙ ሰው ኪሱ ውስጥ የነበረው የባንክ ካርድ ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ የማይሠራ ዓይነት ስለነበር፣ ባዶ ሳጥን ላይ 16 አኃዝ መጻፍ አልለመደም። ሲጠየቅ ይጠራጠራል። እውነቱን ነው። ኬንያ ኤምፔሳ ነው፣ ጀርመን ፔይፓል የሚመርጠው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ደንበኞቼ ናቸው። ከእናንተ መስማት ነበረብኝ።

አገር ውስጥ ያሉት በቴሌብር ይከፍላሉ፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የዘንድሮው ጥምቀት ነው። ስቶክሆልም የምትኖር የቆየች ደንበኛዬ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀሚስ አዘዘች። ለራሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ፣ ጥለቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን። ጊዜው ስላጠረ፣ እሷንም ስለማምናት፣ ክፍያውን ሳልጠብቅ ለሸማኔው ቀብድ ሰጥቼ ሥራ አስጀመርኩ። እሷ ለመክፈል ሞከረች። "ክፍያው አልተሳካም" አላት። ለምን እንዳልተሳካ አይናገርም። ባንኳ ይከልክል፣ ካርዱ ይሁን፣ እናንተ ትሁኑ፣ አይታወቅም። እንደገና ሞከረች፣ ያው ነው። በሦስተኛው ገንዘቡ ከሂሳቧ ተያዘ፣ እኔ ዘንድ ግን ትእዛዙ "አልተከፈለም" ይላል። የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅላት 11 ቀን ፈጀ። በእነዚያ 11 ቀናት ስልክ ደውላ "እህቴ፣ ምን ውስጥ ነው ያስገባሽኝ?" አለችኝ። ስንት ዓመት የማውቃት ሰው ናት። አጭበርባሪ የሆንኩ ያህል አፈርኩ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ሦስቱ ቀሚሶች ዛሬም ሱቄ ውስጥ ተሰቅለዋል። በእሷና በልጆቿ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ለሌላ ሰው አይሸጡም። ሸማኔው ሠርቷል፣ ቀሪ ሒሳቡን ከኪሴ ከፍያለሁ።

የውጭ ምንዛሬ ደንብ እንዳለ አውቃለሁ። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ውጭ መሥራት እንደማትችሉም አውቃለሁ። ስዊሽን ነገ ጠዋት አምጡ አላልኩም። ቅሬታዬ የሌላችሁን አለን ብላችሁ መሸጣችሁ ነው። ያኔ "ለአውሮፓ ካርድ ብቻ ነው ያለን" ብትሉኝ ኖሮ ደንበኞቼን አስቀድሜ አስጠነቅቅ ነበር። በዘመድ በኩልም ይሁን በባንክ ሐዋላ ሌላ መላ እንፈልግ ነበር።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። በየትኛው አገር ምን ዓይነት ክፍያ ዛሬ እንደሚሠራ በጽሑፍ ስጡኝ። ሊመጣ የታሰበውን ሳይሆን የሚሠራውን። ክፍያ ሲከሽፍ ምክንያቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለከፋይዋ ይታይ፣ ለእኔም ይድረሰኝ። ገንዘብ ተይዞ ትእዛዝ ሳይመዘገብ ሲቀር የሚደወልለት ሰው መድቡ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው። ቃል የተገባልኝ አገልግሎት ስላልነበረ ከውሉ ቀን ጀምሮ ከአገር ውስጡ በላይ የከፈልኩት ኮሚሽን ይመለስልኝ።

በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ውሉን ያለ ቅጣት እንድታፈርሱልኝ እጠይቃለሁ። የሦስቱን ሙከራዎች ስክሪንሾት፣ የሸማኔውን ደረሰኝና የቀደሙትን ኢሜይሎች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴ