ለጋራዥ በር ሴንሰር ስንመርጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በስልክ የሚታዘዝ የጋራዥ በር ለማስገጠም የሚያስቡ የደሴ ነዋሪዎች ከዋጋው በፊት ሴንሰሩን እንዲመረምሩ አደራ እላለሁ። በሩ መዘጋቱን ለባለቤቱ የሚያሳውቀው ሴንሰር እና ሕፃን ከሥሩ ሲያልፍ በሩን የሚመልሰው የጨረር ሴንሰር ለየቅል ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻ መኖሩ ማንንም ከአደጋ አያድንም። አሜሪካ ለአውቶማቲክ የቤት ጋራዥ በሮች እንዲህ ያለውን መከላከያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች።

ጨረሩ ከመሬት ከ15 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ስለሚገጠም፣ በተለይ በእኛ ክረምት፣ ከጎማ የሚረጨው ጭቃ መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ በሩም አልዘጋም ይላል። ስለዚህ ውኃና አቧራ የማያስገባውን መምረጥ፣ መስታወቱንም በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ያሻል። መብራት ሲጠፋ በሩ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ገጣሚው ሳያሳያችሁ ሒሳብ አትክፈሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ