የውኃ ተርብን ከውኃው ሥር ፈልጊያት

የኔ ልጅ፣

የውኃ ተርብን ኩሬ ላይ ስትበር ብቻ ካየሻት፣ ያየሽው የዕድሜዋን ማብቂያ ነው። ክንፍ ካወጣች በኋላ ባብዛኛው የምትቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት እንደየዝርያዋ ከወር እስከ ዓመታት ውኃ ውስጥ ዕጭ ሆና ትኖራለች። መረብሽን ከሥር ከአረሙ መሐል ስደጂው።

ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። ቀጭኗ ጅራቷ ጫፍ ላይ ቅጠል የሚመስሉ ሦስት ስንጥቦች፣ ማለትም የውኃ ውስጥ መተንፈሻዎች፣ አሏት። የወፍራሟ ስንጥብ ግን ፊንጢጣዋ ውስጥ ነው፤ በዚያው ውኃ ታስገባለች፣ ስትደነግጥም በኃይል ተፍታው ወደ ፊት ትፈናጠራለች።

ልታሳድጊያት ከፈለግሽ በአንድ ዕቃ አንድ ብቻ አድርጊ፤ ሁለት ከሆኑ ይበላላሉ። ውኃው ከራሷ ኩሬ ይቀዳ፣ የቧንቧውን ክሎሪኑ ያበላሸዋል። 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይበቃታል። የምትይዘው የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ የቢምቢ ዕጭ ከነሕይወቱ ስጫት፤ የሞተ ከጣልሽላት ውኃው ይሸታል እንጂ አትነካውም።

ከሁሉ በላይ ክንፍ ልታወጣ ስትል ከውኃው ለምትወጣበት እንጨት ተጠንቀቂ። ሻካራ ይሁን፤ ከውኃው በላይም ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይውጣ። መብላት ስትተው፣ ጀርባዋ ላይ ያሉት የክንፍ ከረጢቶች ሲያብጡ ቀኗ ደርሷል። ብዙዎቹ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይወጣሉ። እንጨቱን ቆንጥጣ ትይዝና ደረቷ ከጀርባ በኩል ይሰነጠቃል። ወፍራሟ ጭንቅላቷንና እግሮቿን ካወጣች በኋላ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ትቆያለች። የሞተች ትመስላለች፤ እባክሽ እንዳትነኪያት! እግሯ እስኪጠነክር እየጠበቀች ነው። ከዚያ ተቃንታ ሆዷን ትመዛለች፣ የተጨማደደውንም ክንፍ በሰውነቷ ፈሳሽ ሞልታ ትዘረጋዋለች። እንጨቱ አዳልጧት ከወደቀች ወይም ክንፏ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ እንደተጣመመ ይደርቃል፤ ዳግም አይቃናም።

እንጨቱ ላይ የቀረውን ባዶ ቆዳ አትጣይው። በራሪዋ ከሩቅ የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ቆዳው ግን እዚያው ውኃ ውስጥ ለማደጓ ማስረጃ ነው። በስንጥቁ ተንጠልጥለው የምታያቸው ነጫጭ ክሮች የአየር ቧንቧዎቿ የውስጥ ሽፋን ናቸው። ቆዳውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፊና አገጩ ሥር ታጥፎ ያለውን የታችኛውን ከንፈር በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለሽ ሳቢው። እንደ ክንድ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ጥንድ መንጠቆዎች ትሉን ለቅመው ወደ አፏ የሚያመጡት ናቸው።

እናትሽ