ዋናው አይነካም ተብዬ ነበር

ሐምሌ 2017 ዓ.ም.፣ ጅማ

ለባንኩ የጅማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ሳይታደስ ስለቀረ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ

እኔ 64 ዓመቴ ነው። አንድ የቡና ድርጅት ውስጥ 31 ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሲወጣ እኛ በፕሮቪደንት ፈንዳችን፣ ማለትም ከሥራ ስንወጣ በአንድ ጊዜ በሚሰጠን የሠራተኞች ቁጠባ፣ መቀጠልን መረጥን። ስለዚህ በየወሩ እስከ ዕለተ ሞቴ የሚከፈለኝ ጡረታ የለኝም። ያለኝ በአንድ ጊዜ የተሰጠኝ ገንዘብ ነው፤ እሱም እናንተ ጋር ነው።

ኅዳር 2014 ላይ 1,200,000 ብር ለሦስት ዓመት በ13 በመቶ አስቀመጥኩ። ያስተናገደኝ ልጅ ትሁት ነው። «አይዞዎት ማዘር፣ ወለዱን እየበሉ መኖር ነው፤ ዋናው አይነካም» አለኝ። በየወሩ 12,000 ብር ወደ ወጪ ሂሳቤ እንዲዞር ቋሚ ትዕዛዝ ሞላን። ውሉ ሲያበቃ በራሱ ይታደስ የሚለውም ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ቅጂው አለኝ፤ አያይዤዋለሁ።

ኅዳር 2017 ውሉ አበቃ። አልታደሰም። ብሩ ወደ ተራ ቁጠባ ገብቶ 7 በመቶ ይታሰብለት ጀመር። የደወለልኝ የለም። 12,000 ብሩ ግን በየወሩ ሳይዛነፍ ይመጣል። ታዲያ ምን ልጠርጥር?

ሰኔ መጨረሻ ላይ በዚያ ዝናብ ከሂርማታ በባጃጅ መጥቼ የሂሳብ መግለጫ ባወጣ፣ ከዋናው ወደ 38 ሺህ ብር ጎድሏል። ለካ ሰባት ወር ሙሉ የምበላው ከወለዱ ብቻ አልነበረም። በ13 በመቶ በወር 13,000 ብር ይታሰብልኝ የነበረው 7,000 ሆኗል። ያውም ግብር ሳይነሳለት።

መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ብሩ እኮ አለ፣ አልጠፋም» አለችኝ። የሂሳብ ሰው ነኝና ቤት ገብቼ እስክሪብቶ አነሳሁ። በዚህ ከቀጠለ 76 ዓመት ሳይሞላኝ ያልቃል። ይሄ የኑሮው ዋጋ ባለበት ከቆመ ነው። ወጪዬ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር ደግሞ 72ን አያሻግረኝም። እናቴ 93 ዓመት ኖራለች። እኛ ቤት ዕድሜ ረጅም ነው፣ ተመስገን፤ ግን ያ ሁሉ ዓመት በምን ይበላል? አሁን እንኳ በቡና አገር ተቀምጬ ሦስተኛውን ስኒ ትቻለሁ።

«ዋናው አይነካም» የሚለው ነገርም ያኔውኑ ልክ አልነበረም። ቁጥሩ ባይነካም በ2014 የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም። ወለዱን በሙሉ የሚበላ ሰው ከዓመት ዓመት እየደኸየ ነው፤ ከወለዱ የተወሰነውን ዋናው ላይ መመለስ አለበት። ይህን እኔም ማወቅ ነበረብኝ። የድርጅት ሂሳብ 31 ዓመት ሠርቼ የራሴ ላይ ተዘናጋሁ። ውሉን አለማደስ ግን የእናንተ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ውሉ ከኅዳር 2017 ጀምሮ በ13 በመቶ እንደታደሰ ተቆጥሮ የሰባቱ ወር ልዩነት፣ ግብር ሳይቀነስ 42,000 ብር ግድም፣ ይመለስልኝ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በስድስት ወር፣ በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት ይቀመጥ። ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያበቃብኝ አልፈልግም። ጊዜው ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረውም ይደወልልኝ። ስልኬ ፎርሙ ላይ አለ።

ያን ትሁት ልጅ አትቅጡብኝ። እሱም የተነገረውን ነው የነገረኝ። ግን ለሌላ ጡረተኛ እንዲህ ብሎ እንዳይናገር አስተምሩልኝ።

መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅርንጫፉ ደንበኛ