ስለ ፔተርሶን፣ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በስልክ የጠየቁኝ የስዊድናዊው የሙዚቃ ደራሲ የአላን ፔተርሶን ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ፍላሹ ላይ ካሉት ሥራዎቹ በየትኛው እንደሚጀምሩም አብሬ እጽፍልዎታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።

ሰውየው በ1911 ኡፕላንድ ተወልዶ ያደገው ስቶክሆልም፣ ሶደርማልም ውስጥ ነው። ሠፈሩ ያኔ የድሃ ሠፈር ነበር፤ ዛሬ ኪራዩ አይቀመስም። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፣ መጠጥ ያበዙና እጃቸውን ያነሱ ነበር፤ እናቱ መዝሙር የሚወዱ መንፈሳዊ ሴት። ልጁ የገና ካርድ ሸጦ ባገኛት ገንዘብ ቫዮሊን ገዛ። ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ገብቶ ቫዮሊንና ቫዮላ ተማረ፣ በ1939 በስኮላርሺፕ ፓሪስ ሄዶ ሞሪስ ቪዩ ዘንድ ቫዮላ አጠና፤ ከዚያ ተመልሶ አሥር ዓመት ያህል በስቶክሆልም ኦርኬስትራ ቫዮላ ተጫወተ። በ1951 ደግሞ ለድርሰት ትምህርት ፓሪስ ተመለሰ፤ ሆኔገርና ሌይቦቪች አስተምረውታል።

ቫዮላ ተጫዋችነቱን ልብ ይበሉልኝ። እርስዎ እንደሚያውቁት ቫዮላ ከቫዮሊን በአምስተኛ ዝቅ ብሎ ይቃኛል፤ ኦርኬስትራ ውስጥም ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሌላው ነው። አሥር ዓመት እዚያ የተቀመጠ ሰው ሙዚቃን ከመሃሉ ይሰማል። የፔተርሶን ኦርኬስትራ መሃሉ ወፍራም የሆነው ከዚያ ይመስለኛል። ለኦርኬስትራው መሪ ግን ችግር ነው፦ መለከቱና ትሮምቦኑ ትንሽ ከበረቱ የመሃሉ ድምፅ ተውጦ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል። «ጯሂ ነው» የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ የሰሙት እንዲህ ሚዛኑን የሳተ አጨዋወት ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ያዘው፤ መጫወቱን ተወ። እያደር ጣቶቹም እግሮቹም እምቢ አሉት፤ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ይኖር ስለነበር ከቤት መውጣቱም ቀረ። በ1970 ዘጠነኛውን ሲምፎኒ እንደጨረሰ ሆስፒታል ገብቶ ዘጠኝ ወር ተኛ፣ አሥረኛውንም እዚያው ጀመረ። ሰው ይህን ሰምቶ ሙዚቃውን ሁሉ የሕመም ማስታወሻ ያደርገዋል፤ እኔ አልስማማም። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የጻፋቸው 24 «የባዶ እግር መዝሙሮች» ከ1943 እስከ 1945 የተሠሩ ናቸው፣ ማለትም ከበሽታው በፊት። በኋላ በትልልቆቹ ሥራዎች ውስጥ ተመልሰው የሚመጡትም እነሱ ናቸው። የስድስተኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ አጋማሽ ከአንዷ መዝሙር የተዘረጋ ረጅም እንጉርጉሮ ነው። ሁለተኛው የቫዮሊን ኮንሰርቶም (ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፈው) እንዲሁ በሌላዋ ላይ የቆመ ነው። ሕመሙ ርዝመቱንና ክብደቱን ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ዜማው ግን ቀድሞ ነበር።

ስለዚህ በመዝሙሮቹ ይጀምሩ፤ አጫጭር ናቸው፣ ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ። ቀጥሎ ሰባተኛው ሲምፎኒ፤ በ1968 የኦርኬስትራ መሪው አንታል ዶራቲ ስቶክሆልም ላይ መጀመሪያ ያጫወተው ነው፣ ፔተርሶንን ሕዝብ ያወቀው በዚህ ነው። ከ40 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ ክፍል የለውም፣ ወጥ ነው። ሲጀምር አንዲት አጭር ሐረግ ታች ላይ ትመላለሳለች፤ በገና ደርዳሪ ያንኑ ድርድር እየደገመ ቃሉን እንደሚያወርድበት ያስቡት። መለከቱና ትሮምቦኑ እየከበዱ ይመጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ቁልፉ ትዕግሥት ነው፦ መሃሉን አልፎ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ብቻቸውን የሚዘምሩበት ረጅም ጸጥታ አለ፤ ያለፈውን ጭንቀት ሳይሰሙ እሱን ብቻ ለይተው ቢያዳምጡት ተራ የሚያምር ዜማ ነው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። መጨረሻው ላይ ጭብጨባ የሚጠራ ነገር የለም፣ እየሳሳ ይጠፋል።

በስልኩ ድምፅ ማውጫ አይስሙት። ትንሿ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት ስለማትችል ያቺ የታች ሐረግ ትጠፋለች፣ ከላይ የሚቀረው መለከት ብቻ ነው። ድምፁንም በጸጥታው ቦታ አይክፈቱት፤ ፍንዳታው ሲመጣ ጆሮ ይጎዳል። በከባዱ ቦታ መጥነው ይተዉት። ማጫወቻው ቅደም ተከተሉን በሚያዘባርቀው «ሹፍል» ላይ አለመሆኑንም አንድ ጊዜ ይዩልኝ።

ዘጠነኛውን ለመጨረሻ ያቆዩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ እሱም ያለ ዕረፍት። ካዳመጡት ግን መዝጊያውን ይጠብቁ፤ ያ ሁሉ ትርምስ የሚያርፈው ቤተ ክርስቲያን «አሜን» በሚባልባት ያቺ በሚያውቋት የኮርድ መዝጊያ ላይ ነው።

ያንን ሁለተኛውን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ሲሰሙ «ቫዮሊኑ አይሰማም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ቫዮሊኑ እረፍት የለውም፣ ከኦርኬስትራው ውስጥ ሆኖ ይታገላል እንጂ ከፊቱ ቆሞ አይታይም። ቫዮሊን ተጫዋቿ ኢዳ ሄንደል በ1980 መጀመሪያ ያቀረበችው ነው፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዐረፈ። ከ17ቱ ሲምፎኒዎች የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሳያልቁ ቀርተዋል።

የቫዮላውን ኮንሰርቶ ፍላሹ ላይ አላደረግሁትም። ሰው ሲመጣ ከደህና የጆሮ ማዳመጫ ጋር እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ